ዳርክ ዌብ ምንድን ነው? ለተማሪ ይጠቅማል? ሕጉስ ምን ይላል?



ውድ የግቢያችን ወንድሞችና እህቶች! «ዳርክ ዌብ» የሚለው ቃል በየዶርሙ ሲነሳ ብዙውን ጊዜ ሦስት ዓይነት ወሬ ይሰማል። አንዱ «የዓለም ሚስጥር ሁሉ እዚያ ነው» ይላል። ሌላው «ገና ስትከፍተው ስምህ ይመዘገባል፤ ትታሰራለህ» ብሎ ያስፈራራል። ሦስተኛው ደግሞ «የፈተና መልስ ከዳርክ ዌብ አወጣለሁ» ብሎ በቴሌብር ገንዘብ የሚቀበል የቴሌግራም ቻናል ሊንክ ይልካል። የመጀመሪያው አጋኗል፣ ሁለተኛው ሕጉን አላነበበም፣ ሦስተኛው ደግሞ አጭበርባሪ ነው።

ስለ ጉዳዩ ለመጻፍ ያነሳሳንም ይኸው ነው። በአንድ በኩል ካለማወቅ የተነሳ ገንዘቡን፣ አካውንቱን፣ ከዚያም አልፎ ክብሩን የሚያጣ ተማሪ አለ። በሌላ በኩል የራሱን መረጃ የመጠበቅ መብቱን በፍርሃት ብቻ የተወ አለ። ስለዚህ ነገሩን ከቴክኒኩ፣ ከአገራችን ታሪክና ከሕጉ አንጻር በቅደም ተከተል እናያለን። በመጨረሻም በሕግና በአደብ መሞከር ለሚፈልግ ተማሪ የሚጠቅሙ ነጥቦችን እናስቀምጣለን፣ ኢንሻአላህ።

ሦስቱን እንለይ

ኢንተርኔት ላይ ያለ ነገር ሁሉ በጉግል አይገኝም። በጉግል ፈልገን የምናገኘው ክፍል ክፍት ወይም ግልጽ ድር ይባላል። ዜና፣ ዊኪፒዲያ፣ ዩቲዩብ እዚህ ውስጥ ናቸው።

ሁለተኛው ዲፕ ዌብ ወይም ጥልቅ ድር ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ በየቀኑ የምንገባበት ነው። ውጤታችንን የምናይበት የተማሪ ፖርታል፣ የኢሜይል ሳጥናችን፣ የባንክ ሂሳባችን ሁሉ ጥልቅ ድር ናቸው። የይለፍ ቃል ስለሚጠይቁ ጉግል ሊያያቸው አይችልም። የጎረቤት ውጤት በጉግል ቢገኝ ኖሮ ነበር ማልቀስ።

ሦስተኛው ዳርክ ዌብ ነው። ይህ ከጥልቁ ድር ውስጥ ትንሿ ክፍል ስትሆን በተለመደው ብራውዘር አትከፈትም። የምትከፈተው ሆን ተብሎ ማንነትንና ቦታን እንዲደብቅ በተሠራ ሶፍትዌር ነው። ከእነዚህ ሶፍትዌሮች በጣም የታወቀው ቶር ነው። በቶር ውስጥ ብቻ የሚገኙ ድረ ገጾች አድራሻቸው በ«ዶት ኦኒየን» ያበቃል፤ ኦኒየን ማለት ሽንኩርት ነው። አዲሶቹ አድራሻዎች 56 ፊደልና ቁጥር የተደባለቀባቸው ስለሆኑ በቃል የሚይዛቸው ሐፊዝ አይገኝም።

አንድ ነገር ልብ እንበል። ቶር የሚያገለግለው ዳርክ ዌብ ለመግባት ብቻ አይደለም። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ተራውን ድረ ገጽ ማንነቱን ሳያሳይ ለማንበብ ነው። «ስም ሳይታወቅ ማሰስ» እና «ዳርክ ዌብ መግባት» የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ቶር እንዴት ይሠራል?

የቶር መነሻ ሐሳብ የመጣው ከወንጀለኞች አይደለም፤ ከአሜሪካ ባሕር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ፖል ሲቨርሰን፣ ዴቪድ ጎልድሽላግና ማይክል ሪድ የተባሉ ተመራማሪዎች በኢንተርኔት ላይ ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ እንዳይታወቅ የሚያደርግ ዘዴ ነደፉ። ሮጀር ዲንግልዳይንና ኒክ ማቲውሰን ተጨምረውበት ቶር እ.ኤ.አ. በ2002 ሥራ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ቶር ፕሮጀክት የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ተቋቋመ። ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ የሶፍትዌርና የኔትወርክ ተማሪ አውርዶ ሊያነበው ይችላል።

አሠራሩን በምናውቀው መንገድ እንየው። ከሐዋሳ አዲስ አበባ ላለ ሰው ደብዳቤ መላክ ፈለግን እንበል፤ ነገር ግን በመንገድ ላይ ያለ ማንም ሰው ላኪውንም ተቀባዩንም አንድ ላይ እንዳያውቅ እንፈልጋለን። ደብዳቤውን በሦስት ፖስታ ደራርበን እናሽገዋለን። የላይኛውን ፖስታ የሚከፍተው ሻሸመኔ ያለው መልእክተኛ ብቻ ነው። ሲከፍተው ውስጥ ሌላ የታሸገ ፖስታ ያገኛል፤ በላዩም «ለባቱው ስጥ» ተብሎ ተጽፏል። የባቱው ሲከፍት «ለሞጆው ስጥ» የሚል ያገኛል። የሞጆው የመጨረሻውን ይከፍትና አዲስ አበባ ላለው ተቀባይ ያደርሳል።

አሁን እያንዳንዳቸውን ብንጠይቅ ምን ያውቃሉ? የሻሸመኔው ላኪው ሐዋሳ እንዳለ ያውቃል፤ መድረሻውን ግን አያውቅም። የባቱው ሁለቱን ጎረቤቶቹን እንጂ ሌላ አያውቅም። የሞጆው ተቀባዩን ያውቃል፤ ከማን እንደመጣ ግን አያውቅም። ቶር የሚያደርገው ይህንኑ ነው። መረጃችን በሦስት ድርብ ተመስጥሮ፣ በተለያዩ የዓለም ክፍሎች በበጎ ፈቃደኞች በሚንቀሳቀሱ ሦስት ኮምፒዩተሮች በኩል ያልፋል። እያንዳንዱ አንድ ልጣጭ ይልጣል፤ የሽንኩርቱ ስም የመጣውም ከዚህ ነው። ቶር ዘገምተኛ የሆነበት ምክንያትም ይኸው ዙሪያ ጥምጥም መንገድ ነው።

የማይሸፍነው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ቆም እንበል።

የ«ኢንኮግኒቶ» ገጽ፦ ይህ የሚደብቀው ከዶርም ጓደኛ ብቻ ነው። ብራውዘሩ ታሪክና ኩኪ አያስቀምጥም፤ ቴሌው፣ የግቢው ኔትወርክና የምንጎበኘው ድረ ገጽ ግን እንደ ወትሮው ያዩናል። ጉግል በዚሁ ጉዳይ በአሜሪካ ተከስሶ እ.ኤ.አ. በ2024 በኢንኮግኒቶ የሰበሰበውን በቢሊዮን የሚቆጠር መዝገብ ለማጥፋት ተስማምቷል።

ቪፒኤን፦ ከስልካችን የሚወጣውን ሁሉ መስጥሮ በአንድ ኩባንያ ሰርቨር በኩል ያሳልፋል። ቴሌው የምንጎበኘውን አያይም፤ የቪፒኤኑ ኩባንያ ግን ሊያይ ይችላል። ስለዚህ ቪፒኤን አመኔታን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር ነው። ያ ኩባንያ ማን ነው? ነፃ ከሆነ ገንዘቡን ከየት ያገኛል? እ.ኤ.አ. በ2015 «ሆላ» የተባለው ነፃ ቪፒኤን የተጠቃሚዎቹን የኢንተርኔት መስመር ለሌሎች እየሸጠ እንደነበር ተጋልጧል። በሌላ አነጋገር፣ ማንነቱ የማይታወቅ ሰው ያደረገው ነገር በምስኪኑ ተጠቃሚ አድራሻ ይወጣ ነበር። ፌስቡክ የገዛው «ኦናቮ» የተባለ ቪፒኤንም የተጠቃሚዎችን እንቅስቃሴ ይሰበስብ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ2018 ከአፕል መደብር ወርዷል። የማይከፍል ደንበኛ ራሱ ሸቀጥ ይሆናል ማለት ይኸው ነው።

ቶር፦ ከሁለቱ የተሻለ ይሸፍናል፤ ግን እሱም ገደብ አለው። አንደኛ፣ ቴሌው ወይም የግቢው ኔትወርክ ምን እንደምናነብ ባያይም ቶር እየተጠቀምን መሆኑን ሊያውቅ ይችላል። ሁለተኛ፣ የመጨረሻው መልእክተኛ (የሞጆው) ገጹ በኤችቲቲፒኤስ ካልተመሰጠረ ይዘቱን ሊያነበው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ ስዊድናዊ የደህንነት ባለሙያ አምስት የመውጫ ኮምፒዩተሮችን በራሱ ከፍቶ የኤምባሲዎችንና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን የኢሜይል የይለፍ ቃሎች አንብቦ ማሳየቱ ይታወቃል። ሦስተኛ፣ በቶር ገብቶ በእውነተኛ ስሙ ፌስቡክ የሚከፍት ሰው ቦታውን ደበቀ እንጂ ማንነቱን አልደበቀም። ፊቱን ተሸፍኖ መታወቂያውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ሰው ነው።

በአገራችን ያለው ታሪክ

ኢትዮጵያ በቶር ታሪክ ውስጥ ስሟ የተጠቀሰ አገር ናት። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2012 መጨረሻ ቶር ፕሮጀክት በኢትዮጵያ የቶር ግንኙነት ሙሉ በሙሉ እየታገደ መሆኑን አስታወቀ። የታገደው ድረ ገጹ ብቻ አልነበረም፤ በኔትወርኩ የሚያልፈውን ፓኬት ከፍቶ የሚመረምር ዘዴ ተተክሎ የቶርን የመጀመሪያ መተዋወቂያ መልእክት አሻራ እየለየ ግንኙነቱን ይቆርጥ ነበር። መልሱም ትምህርት ሰጪ ነው፤ ግንኙነቱን ሌላ ነገር የሚያስመስሉ «ድልድይ» የተባሉ መግቢያዎች በዚያን ጊዜ ይሠሩ ነበር። የኔትወርክ ኮርስ ለወሰደ ሰው ይህ ከመጽሐፍ የተሻለ ምሳሌ ነው።

ወቅቱ የሙስሊሙ ማኅበረሰብ የመብት ጥያቄ የተነሳበትና «ድምፃችን ይሰማ» የሚለው የፌስቡክ ገጽ የሰፊው ሕዝብ መገናኛ የነበረበት ጊዜ ነው። ታላላቆቻችን መረጃ መጠበቅን የተማሩት ከኮርስ አይደለም፤ ከኑሮ ነው። ከዚያ በኋላም በካናዳ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለ የምርምር ተቋም ከእ.ኤ.አ. 2013 እስከ 2017 ባወጣቸው ሪፖርቶች «ፊንፊሸር»፣ የ«ሃኪንግ ቲም» እና የ«ሳይበርቢት» የስለላ ሶፍትዌሮች በኢትዮጵያውያን ጋዜጠኞችና ተቃዋሚዎች ኮምፒዩተር ላይ መገኘታቸውን አሳይቷል። አብዛኛውን ጊዜ መግቢያቸው ከኢሜይል ጋር ተያይዞ የመጣ ፋይልና የሐሰት ማሻሻያ ነበር። ቶር ለእንዲህ ዓይነቱ ጥቃት መድኃኒት አይሆንም። ሌባው ቤት ውስጥ ከገባ የመንገዱ መጋረጃ አያድንም።

በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የዞን 9 ጦማርያንና ጋዜጠኞች ሲታሰሩ ደግሞ በክሱ ውስጥ «ሴኩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» የተባለው፣ ማንም ሊያነበው የሚችል የዲጂታል ደህንነት መመሪያ ሥልጠና ተጠቅሶ ነበር። ከተከሳሾቹ አምስቱ በሐምሌ 2007 ክሳቸው ተቋርጦ ተፈቱ፤ በጥቅምት 2008 ደግሞ የቀሩት ከሽብር ክሱ ነፃ ተባሉ። «ቶር ካወረድክ ትታሰራለህ» የሚለው ፍርሃት ከየት እንደመጣ ይህ ታሪክ ያስረዳል። ፍርሃቱ ከሜዳ አልተነሳም፤ ግን ዛሬ ያለውን ሕግ አንብቦ መመዘን ያስፈልጋል።

በሰኔ 2010 መንግሥት 264 ድረ ገጾችን ከእግድ መልቀቁን አስታወቀ። ሆኖም በሰኔ 2012 ማብቂያ ከአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጧል። በየካቲት 2015 ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወር ገደማ ተገድበው ነበር። ብዙዎቻችን ቪፒኤን የሚለውን ቃል የለመድነው ያኔ ነው። የለመድነውም ሳናጣራ ነው፤ «ይሠራል?» ብለን እንጂ «የማን ነው?» ብለን አልጠየቅንም።

ሕጉ ምን ይላል?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በፖስታ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትን ጨምሮ የግል ሕይወትን ያስከብራል። አንቀጽ 29 መረጃ የመፈለግና የመቀበል ነፃነትን ያስቀምጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎች የግል መረጃ እንዴት መያዝ እንዳለበት ይደነግጋል። ስለዚህ መረጃን መጠበቅ በራሱ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

ወንጀል የሆነውን የሚዘረዝረው ዋናው ሕግ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ነው። አዋጁ ቶርን ወይም ቪፒኤንን በስም ጠቅሶ መጠቀሙን ወንጀል አላደረገም። ወንጀል ያደረገው ድርጊቱን ነው። ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦

— ያለ ፈቃድ ወይም ከፈቃድ በላይ የሌላን ሰው ኮምፒዩተር፣ አካውንት ወይም ኔትወርክ መግባት (አንቀጽ 3፤ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም የገንዘብ መቀጮ ወይም ሁለቱንም ያስቀጣል)። «ልሞክረው ብዬ ነው» መከላከያ አይሆንም።
— የሌላን ሰው ግንኙነት ያለ ፈቃድ መጥለፍ። በዶርም ዋይፋይ ላይ የጓደኛን ትራፊክ «ለልምምድ» ማንበብም ከዚህ ይመደባል።
— ጉዳት የሚያደርስ ፕሮግራም ማሰራጨት፣ በኮምፒዩተር ማጭበርበር፣ የሌላን ሰው ማንነት መስረቅ።
— ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን የሚያሳይ የብልግና ምስል ማዘጋጀት፣ ማሰራጨትና ይዞ መገኘት። እዚህ ላይ መያዝ ብቻውን ጽኑ እስራት ያስከትላል።
— ሰውን በኮምፒዩተር ማስፈራራትና ስሙን ማጥፋት። በግል ፎቶ ማስፈራራት እዚህ ይገባል። የተፈጸመበት ወይም የተፈጸመባት ሰው ወንጀለኛ አይደለም፤ ገንዘብ ሳይከፍል መልእክቱን አስቀምጦ ለፖሊስ ማመልከት ይችላል።

በተጨማሪ አዋጁ አገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነት መዝገብን፣ ማለትም ማን መቼ ከማን ጋር እንደተገናኘ የሚያሳየውን፣ ለአንድ ዓመት እንዲያስቀምጡ ያዛል። በዳርክ ዌብ ገበያ የሚከፈለው በክሪፕቶ ገንዘብ መሆኑም ሌላ ችግር ነው፤ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስጠንቅቋል። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ወቅትም መመሪያዎች ይጠብቃሉ፤ በ2009 ዓ.ም. የተወሰኑ መገናኛ ብዙኃንን መከታተል ተከልክሎ እንደነበር እናስታውሳለን። ስለዚህ ወቅቱን ማየትም ሕግን ከማወቅ ይቆጠራል።

የተያዙት እንዴት ተያዙ?

«ቶር ካለ ማንም አይደርስብኝም» ለሚል ወንድም ሦስት እውነተኛ ታሪኮች ይበቃሉ።

የመጀመሪያው «ሲልክ ሮድ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የተከፈተው ይህ የዕፅ ገበያ በቶር ውስጥ ተደብቆ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ሠራ። ባለቤቱ ሮስ ኡልብሪክት የተደረሰበት የቶር ምስጠራ ተሰብሮ አልነበረም። ገበያውን መጀመሪያ ሲያስተዋውቅ በተጠቀመበት የብዕር ስም በሌላ ጊዜ የራሱ ስም ያለበትን የጂሜይል አድራሻ ጽፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2013 ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኝ የሕዝብ ላይብረሪ ውስጥ ኮምፒዩተሩ እንደተከፈተ ተያዘ። የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበት ከአሥር ዓመት በላይ ከታሰረ በኋላ በጥር 2025 በፕሬዚዳንታዊ ይቅርታ ወጣ።

ሁለተኛው «አልፋቤይ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የተዘጋው ይህ ገበያ ባለቤቱ የታወቀው ለአዲስ ደንበኞች በሚላከው የእንኳን ደህና መጣችሁ ኢሜይል ላይ የግል የሆትሜይል አድራሻው ስለነበረ ነው። ደንበኞቹ ሸሽተው «ሃንሳ» ወደተባለ ሌላ ገበያ ገቡ። ሃንሳን ግን የሆላንድ ፖሊስ በድብቅ ተረክቦ ወር ለሚጠጋ ጊዜ ራሱ ያስተዳድረው ነበር። ሸሽተው የገቡት ፖሊስ ጣቢያ ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛው ለእኛ በጣም ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 አንድ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የማጠቃለያ ፈተና ለማስቀረት በቶርና በጊዜያዊ ኢሜይል «ቦምብ ተጠምዷል» የሚል መልእክት ላከ። መልእክቱ በቶር መላኩ ታወቀ፤ የዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ መዝገብ ደግሞ በዚያ ሰዓት ቶር የተጠቀመው ማን እንደሆነ አሳየ። ሲጠየቅ አመነ። ምስጠራው ሠርቷል፤ ነገር ግን በጋራ ኔትወርክ ላይ ቶር የሚከፍቱት ጥቂት ስለሆኑ ራሱ መደበቂያው ጠቋሚ ሆነበት።

በሕግና በአደብ ለመሞከር

ከዚህ ሁሉ በኋላ «ታዲያ ምን ይጠቅመናል?» የሚል ይኖራል። ለኮምፒዩተርና ለኤሌክትሪካል ተማሪ የምስጠራና የኔትወርክ ትምህርት ሕያው ላቦራቶሪ ነው። ለማንኛውም ተማሪ ደግሞ ማስታወቂያና ክትትል ሳይከተለው የማንበብ ዕድል ነው። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2019 የኦኒየን ገጽ ከፍቷል፤ ዶይቼ ቬለ፣ ኒውዮርክ ታይምስ፣ ፌስቡክና ፕሮቶን ሜይልም አላቸው። ዳክዳክጎ የተባለው የፍለጋ ሞተርና ደቢያን የተባለው የሊኑክስ ሥርዓትም እንዲሁ። መሞከር የሚፈልግ በእነዚህ ጀምሮ በእነዚህ ቢያበቃ ምንም አልቀረበትም።

1. ኒያን ማስተካከል። ምን ፈልጌ ነው? መልሱ «ዝም ብዬ» ከሆነ ገና ጊዜው አይደለም። የምታዩትን ገጽ አስቀድማችሁ ወስኑ።

2. ቶር ብራውዘርን ከራሱ ከቶር ፕሮጀክት ገጽ ወይም ከፕሌይ ስቶር ብቻ ማውረድ። በአንድሮይድ ላይ አሳታሚው «ዘ ቶር ፕሮጀክት» መሆኑን አረጋግጡ፤ ለአይፎን «ኦኒየን ብራውዘር» የተባለው አለ። በቴሌግራም የተላከ ኤፒኬ ፋይል በፍጹም አትጫኑ። ሁሉም ነፃ ስለሆኑ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ አጭበርባሪ ነው።

3. ስልክንና ኮምፒዩተርን ማዘመን። ያረጀ ሲስተም ላይ የተጫነ ቶር በተሰበረ በር ላይ እንደተንጠለጠለ ቁልፍ ነው።

4. የደህንነት ደረጃውን በቅንብሩ ውስጥ ወደ ከፍተኛው ማድረግ። አንዳንድ ገጽ ይበላሻል፤ ይሁን። ተጨማሪ አድ ኦን አትጫኑ፤ ከሌላው ተጠቃሚ ይለያችኋል። ቶረንትም በቶር አይወርድም።

5. የግቢውን ኔትወርክ ደንብ ማክበር። ኔትወርኩ የጋራ አማና ነው። ለፕሮጀክት ወይም ለመመረቂያ ጽሑፍ ከሆነ አማካሪ መምህራችሁንና የአይሲቲ ክፍሉን በግልጽ አስፈቅዱ። ፈቃድ ያለው ጥናት መደበቅ አያስፈልገውም።

6. የራስን ስም፣ የተማሪ መታወቂያ፣ ስልክ ቁጥርና የተለመደ የይለፍ ቃል አለማስገባት። የባንክ ሥራም በቶር አትሥሩ፤ ባንኩ ከሌላ አገር የመጣ ሌባ መስሎት ሊዘጋባችሁ ይችላል።

7. አለማውረድ፣ አለመግዛት፣ አለመክፈል። ዳርክ ዌብ ላይ የሚሸጥ «የተጠለፈ አካውንት» ወይም «የፈተና ወረቀት» ሁለት ዕጣ ብቻ አለው፤ ውሸት ነው ወይም የተሰረቀ ነው። ሁለቱም አይጠቅሙም።

8. የማይታወቅ የሊንክ ዝርዝር አለመከተል። ያልታሰበ አስነዋሪ ወይም ሕገ ወጥ ነገር ከገጠማችሁ ወዲያው ዝጉ። «ለማስረጃ» ብላችሁ አታስቀምጡ፣ ስክሪንሾት አታንሱ፣ ለጓደኛ አትላኩ። መያዝና ማሰራጨት በራሱ ወንጀል የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ ከላይ አይተናል።

9. ከዶርም ሆኖ የቶር «መውጫ» ኮምፒዩተር አለመክፈት። የማናውቀው ሰው ሥራ በእኛ አድራሻ ይወጣል። አሠራሩን መማር የፈለገ በራሱ ላፕቶፕ ላይ በተዘጋ የሙከራ ኔትወርክ ሊያጠና ይችላል።

ማንም በማያየን ሰዓት

ፈትዋ የኡስታዞቻችን ድርሻ ስለሆነ ወደዚያ አንገባም። ሆኖም ከመድረሳ ጀምሮ የተማርነውን ማስታወስ ተገቢ ነው። ሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 12 የሰውን ነውር መሰለልን ይከለክላል። ሱረቱን ኑር አንቀጽ 27 ሳያስፈቅዱ የሰው ቤት መግባትን ይከለክላል። የሰው ስልክና አካውንትም የዛሬ ቤቱ ነው። ከዚህ የምንረዳው ሁለት ነገር አለ፤ እኛም የሌላውን መሰለል አይገባንም፣ የራሳችንን ሐቅ መጠበቅም ነውር አይደለም።

ሌላው ሙራቀባ ነው። ቶር አይፒ አድራሻችንን ከቴሌው ይደብቃል፤ ከአሏህ የሚደብቅ ሶፍትዌር ግን አልተሠራም፣ አይሠራምም። ሱረቱል ኢስራእ አንቀጽ 36 መስሚያ፣ ማያና ልብ እንደሚጠየቁ ይነግረናል። ስማችን በማይታወቅበት ቦታ የምናደርገውን ነገር ስማችን ቢታወቅም የምናደርገው ከሆነ መልካም ነው። ካልሆነ ችግሩ የብራውዘሩ አይደለም።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዳርክ ዌብን ሳትከፍቱ ብትመረቁ የሚጎድልባችሁ ዲግሪ የለም። ነገር ግን የይለፍ ቃላችሁን ሳትለዩ፣ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ሳታበሩ፣ ያገኛችሁትን ነፃ ቪፒኤን ሁሉ እየጫናችሁ ከቀጠላችሁ ብዙ ሊጎድልባችሁ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ከዒሻ በኋላ አንድ ነገር አድርጉ፤ ስልካችሁ ላይ ያለውን ቪፒኤን ከፍታችሁ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ፈልጉ። መልሱን ካላገኛችሁ አጥፉት። የቴሌግራማችሁንና የኢሜይላችሁን የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሩ። ለታናናሾቻችንና ለፍሬሽ ተማሪዎችም አሳዩአቸው፤ ዕውቀት የሚባረከው ሲካፈሉት ነው።

ጥያቄ ያለው የጀመዓውን የአካዳሚክ ዘርፍ ልጆች ያነጋግር፤ የምናውቀውን እናካፍላለን፣ የማናውቀውን አብረን እንጠይቃለን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።